የአንድ በሬ ዕዳ

ባለፈው ዓመት የልጄ ልጅ ማሽካንታ ልትፈርም ወደ ባንክ ስትሄድ «ሳባ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለችኝ። አንቱታውን ዕብራይስጡ በልቶባታል፤ አልቀየማትም። እኔ ስለ ባንክ የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፣ ቤት ሲገዛ ሽማግሌ አጠገብ ሲቀመጥ ደስ ይላታል ብዬ ሄድኩ። ወረፋ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተከደነ ወረቀት አየች። ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ስለተማረች ወዲያው አወቀችው። «ሄቴር ዒስቃ ነው» አለችኝ።

እኔ በዚያ ባንክ ከ30 ዓመት በላይ ተመላልሻለሁ። ወረቀቱን የባንኩ ፈቃድ ነበር የሚመስለኝ። እሷ ስታስረዳኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኦሪት ወለድን ስለከለከለ፣ ባንኩ የሚሰጠው ገንዘብ ብድር ሳይሆን ሽርክና ነው ተብሎ ይጻፋል። ባንኩና ተበዳሪው አብረው እንደ ነገዱ ይቆጠራሉ፤ ባንኩ በየወሩ የሚወስደው የትርፍ ድርሻ ይባላል። ይህን ዘዴ ያወጡት ከ400 ዓመት በፊት ገደማ የፖላንድ አገር ራቢዎች ናቸው። አይሁድ እርስ በርሳቸው ሲነግዱ ኦሪትን እንዳያፈርሱ ብለው ነው። «ትርፉ ባይገኝስ?» ስላት፣ «ያው ትከፍላለህ ሳባ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ዝም አልኩ፤ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ያንን ወረቀት ቢያነቡት ኖሮ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። (ዓ.ም. ብዬ የምጽፈው የኢትዮጵያውን አቆጣጠር ነው፤ ሌላው የፈረንጁ ነው።)

እኛ አገር፣ ወገራ፣ ቄሶቻችን ሚሽናና ታልሙድ አልነበራቸውም። የነበራቸው በግዕዝ የተጻፈ ኦሪት ነው። ኦሪትም ስለ ብድር የሚለው አጭርና ግልጽ ነው። ለደኸየ ወገንህ ስታበድር ወለድ አትጫን። መያዣ ልትወስድ ቤቱ ዘለህ አትግባ፣ እሱ ራሱ እስኪያወጣልህ ደጅ ቁም። የወሰድከው ልብሱን ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት፣ ሌሊት ምን ለብሶ ይተኛል? ወፍጮ መያዣ አይሆንም፣ የሰው ነፍስ ነውና። በየሰባተኛው ዓመት ደግሞ የወገንህን ዕዳ ተው። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ያንን የሰባተኛ ዓመት ሕግ ሂሌል የሚባሉት ትልቅ ሰው ፕሮዝቡል በሚባል ጽሑፍ እንዳስተካከሉት የሰማሁት። ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ባለ ገንዘቡ ማበደሩን እየተወ ድኻው ተቸገረ፤ ስለዚህ ዕዳው ለቤተ ፍርድ እንዲተላለፍና እንዳይሻር አደረጉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን አልናደድም። ሂሌል የድኻውን ረሃብ አይተው ያደረጉት ነው። ግን እናንተ እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች ይህን እወቁልኝ፤ እኛ ያደግነው ያለ ፕሮዝቡልና ያለ ሄቴር ዒስቃ ነው። ቃሉን እንደ ተጻፈው ነው የሰማነው። ስለዚህ ዕዳ ለእኛ የገንዘብ ነገር ብቻ አልነበረም፣ የነፍስ ነገር ነበር።

ታዲያ ሕጉ እንደዚህ ስለሆነ ዕዳ አልነበረብንም ማለት አይደለም። ኧረ እንዴት! ቤተ እስራኤል መሬት አልነበረውም። በ15ኛው መቶ ዓመት አጼ ይስሐቅ ካልተጠመቀ በቀር ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ተብሎ ሲነገር ነው ያደግነው። እኔ በልጅነቴ ያየሁት አያቴ ጭሰኛ ሆነው ነው። ካመረቱት ለባለ ርስቱ ድርሻውን ሰፍረው ሰጥተው የተረፈው እስከ ሰኔ አይደርስም። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ ነው፣ ዘርም ተዘርቶ አልቋል። ያን ጊዜ እህል ይበደራሉ። በኅዳር ሲታጨድ አንዱ ቁና አንድ ተኩል፣ ክፉ አበዳሪ የገጠማቸው እንደሆነ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። አራጣ የሚባለው ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይላል፤ ወገራ ላይ ግን ሕጉን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። መሬት ያለው ገበሬ ደግሞ «ወለድ አግድ» የሚባል ብድር ነበረው። ማሳውን ለአበዳሪው ይለቃል፣ አበዳሪው እያረሰ ይበላል፣ ያ መብላቱ እንደ ወለድ ይቆጠርለታል፣ ዋናው ገንዘብ ግን አይቀነስም። ለእኛ ይህም አልተገኘም። ምን መሬት አለንና እናግድ?

አያቴ ከዚያ በፊት የነበረውንም ያወሩ ነበር። ባለ ዕዳውና ባለ ገንዘቡ ክንድ ለክንድ ታስረው፣ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አብረው የሚውሉበት ጊዜ ነበር። ቁራኛ ይባላል። እኔ አላየሁትም። ግን አያቴ ሲያወሩ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ያሳዩ ነበርና የእጃቸው ሁኔታ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ልምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። እምነታችን ከዕዳ ይጠብቀናል፣ እምነታችን ዕዳ ውስጥ ይከተናል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ትልቁ የጎንደር ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው። እኛ ሰንበት አናፈርስም። ሸማኔው ሸማውን፣ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋን ዋናው ገበያ ላይ ማውጣት አይችሉም፤ በትንሹ ቀን፣ በትንሹ ዋጋ ይሸጣሉ። ይህ የሰንበት ዋጋ ነው፣ ማንም ቅር ብሎት ሲከፍል አላየሁም። እናቴ «ሰንበት ራሷ ትከፍላለች» ይሉ ነበር።

ተዝካር ግን ሌላ ነው። ሰው ሲሞት በሰባተኛው ቀን፣ ደግሞም በዓመቱ ተዝካር ይደረጋል። ከብት ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ቄሶች ይጸልያሉ፣ ዘመድ ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል። ተዝካሩ ካልተደረገለት የሟቹ ነፍስ ትንከራተታለች ይባላል። የኖረው ሰው በሕይወቱ ሥጋ በዓመት ሁለቴ ይቀምስ ይሆናል፤ ሲሞት በሬ ይታረድለታል። ልጆቹም ያንን በሬ ሦስት ዓመት ይከፍሉታል። እንዲህ ስል የሚቀየመኝ ሽማግሌ እንዳለ አውቃለሁ። ይቀየም። ክርስቲያኑም ጎረቤታችን እንደዚሁ ነበር፤ በተዝካር ብድር ማሳውን ወለድ አግድ የሰጠ ስንቱን አይቻለሁ። ቄሶቻችን ራሳቸው «አቅማችሁን እወቁ» ይሉ ነበር። አንዲት ፍየልም ትበቃለች እያሉ ያስተምሩ ነበር። ማን ሰማቸው? ይሉኝታ ከኦሪት በላይ ይጮኻል።

ከዚህም የባሰ ነገር በታሪካችን አለ። በ1862 አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ ብለው ሕዝቡን አስነሡ። ብዙ ሰው ቤቱንና እርሻውን ጥሎ ተከተላቸው። ትግራይ እንደ ደረሱ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፈው አንዳንዱ እዚያው ቀረ፣ አንዳንዱ ተመለሰ። የአያቴ አባት ከተመለሱት አንዱ ነበሩ። ሲመለሱ ቤታቸው ፈርሷል፣ በሬም ዘርም የለም። ዘር በአራጣ ተበደሩ። ያ ዕዳ ወደ ልጃቸው ወደ አያቴ ተላለፈ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን መጥቶ ከብቱ ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ አበዳሪውም ተበዳሪውም አብረው ሞቱና ዕዳው ጠፋ። በዚያ ክፉ ቀን ከሕዝባችን ሲሶው እስከ ግማሹ አለቀ ብለው የሚገምቱ አሉ። ለእንጀራ ሲል ሃይማኖቱን የለወጠም ብዙ ነው። አያቴ ይህን ሲያወሩ «ዕዳችን የተሰረዘው በሞት ነው» ይሉ ነበር። የሰባተኛው ዓመት ምሕረት እንደዚያ ሆኖ መጣላቸው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬት ላራሹ ሲያውጅ 19 ዓመቴ ነበር። ለእኛም ማሳ ደረሰን። ስለ ደርግ ክፉ የምናገረው ብዙ አለኝ፣ ይህን ግን አልክድም፤ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩትን እህል ሁሉ ወደ ራሳቸው ጎተራ አስገቡ። አባቴ ቀጥቃጭም ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ይሠራሉ። ገበሬው ቀን ማረሻውን ያሠራል፣ ማታ «ቡዳ ናቸው» ይላል። አንድ ክርስቲያን ጎረቤት ግን ነበሩን፣ ልባቸው ቀና የሆነ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ዘመዶቻቸው በሕይወት አሉ። እሳቸው ከአባቴ ጋር እሳቱ ዳር ተቀምጠው እስኪመሽ ያወሩ ነበር። አንድ ማዕድ አንበላም፣ የመንጻት ሥርዓታችን አይፈቅድም፤ ወዳጅነታቸው ግን የበላ የጠጣ አይደርስበትም።

በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ዐረፉ። እህል የጠፋበት ዓመት ነበር። ለተዝካሩ አባቴ በሬ አልነበራቸውም፤ ያሉት ሁለት የእርሻ በሬዎች ናቸው፣ እነሱን ማረድ ራስን ማረድ ነው። ጎረቤታችን ከራሳቸው በረት አንድ ሰንጋ አወጡና ሰጡ። ዋጋው 280 ብር ተባለ። ጊዜው እስከሚቀጥለው ጥር፣ ወለድ የሚባል የለም። ሁለት ሽማግሌዎች ምስክር ሆኑ። አባቴ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ይህች ቃል ለእሳቸው ፊርማ ናት።

ከዚያ ግንቦት መጣ። የሱዳን መንገድ ተከፍቷል የሚል ወሬ ከቤት ቤት በሹክሹክታ ገባ። ኢየሩሳሌም! የልጅ ልጆቼ አሁን ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ ሄደው ፋላፌል በልተው ይመለሳሉ። ለእኛ ግን በየስግዱ ተራራ ላይ ወጥተን፣ ድንጋይ ተሸክመን፣ ወደዚያ ዞረን የለመንነው ነው። በስግድ ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ ነህምያ ነው። በዚያ መጽሐፍ ምዕራፍ አምስት ላይ የኢየሩሳሌም ድኾች ማሳቸውንና ወይናቸውን ለእህል አስይዘው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተው ሲጮኹ፣ ነህምያ ታላላቆቹን ሰብስቦ እንዲመልሱላቸው ያስምላቸዋል። አባቴ ይህን ምዕራፍ በቃላቸው ያውቁታል። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው የሰው በሬ በልተው፣ ሳይከፍሉ፣ በሌሊት ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄዱ የሆነው።

ላም ሸጠው ለምን አልከፈሉም ትሉኛላችሁ። መሸጥ አይቻልም። በዚያ ወራት አንድ ቤተ እስራኤል ላሙን በድንገት ከሸጠ ሊኮበልል ነው ተብሎ ቀበሌው ይይዘዋል። ጊዜው ሳይደርስ ዕዳ መክፈልም እንዲሁ ያስጠረጥራል። ለጎረቤታችን እውነቱን መናገርስ? ከነገሯቸው እሳቸውንም የወንጀሉ ተካፋይ ማድረግ ነው። አባቴ ሦስት ሌሊት አልተኙም። አራተኛው ቀን ቄሱ ዘንድ ሄዱ። ቄሱ ያሏቸውን አባቴ እንደ ነገሩኝ ልጻፍ። «ነፍስ ከበሬ ይበልጣል፤ ሕዝቡን አትለይ፣ ሂድ። ዕዳው ግን አይሞትም። አንተ ብትሞት ልጅህ ይከፍላል።» እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበርና ልጅህ የተባልኩት እኔ ነኝ።

የምንሄድበት ዕለት ማታ አባቴ መስፋቸውንና መዶሻቸውን፣ ወናፋቸውንና ጉጠታቸውን፣ ያላለቀ አንድ ማረሻም ጨምረው ተሸክመው ወደ ጎረቤታችን ግቢ ወሰዱ። «ቤቱን ልጠግን ነውና ለጥቂት ቀን አስቀምጡልኝ» አሏቸው። መያዣ መስጠታቸው ነው፣ መያዣ መሆኑን ሳይናገሩ። ቀጥቃጭ መሣሪያውን ሲሰጥ እጁን ቆርጦ እንደ መስጠት ነው። ጎረቤታችን አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ «አውቆብኛል» ይሉ ነበር።

በአርማጭሆ በኩል አድርገን ሱዳን ገባን። ስለ መንገዱ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አልደግመውም። ኡም ራኩባ መጠለያ እያለን የእኔ ትንሹ ልጅ፣ አንድ ዓመት ከአራት ወር የሆነው፣ በኩፍኝ ሞተብኝ። እናቴ አፈሩ ላይ ተቀምጠው «የበሬው ዕዳ ነው» አሉ። ከሐዘን ብዛት የመጣ ቃል ነው። አባቴ ሰሟቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ አንዳንድ ነገር አልተናገሩም፣ ከእኔም ጋር ፊት ለፊት ለማየት ይከብዳቸው ነበር። ልጄን የገደለው ኩፍኙና ውኃው ነው፤ በዚያ መጠለያ ዕዳ ያለበትም የሌለበትም ሰው ልጆቹን ቀበረ። በመንገድና በሱዳን ወደ 4,000 ሰው ሞቷል ይባላል፤ ሁሉ የተዝካር በሬ የበላ ነው እንዴ? ይህን ለአባቴ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አልነገርኳቸውም። እኔም በልቤ አንድ ጥግ ውስጥ እናቴን አምኛቸው ነበር።

በታኅሣሥ 1984 በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ገባን። አባቴ ከቢቱዋሕ ለኡሚ የመጀመሪያው ገንዘብ ሲሰጣቸው ከውስጡ ጥቂት ቆጥረው ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡ። በየወሩ እንደዚያ አደረጉ። የበሬው ነው። መላኪያ ግን የለም፤ እስራኤልና ኢትዮጵያ ግንኙነታቸውን ያደሱት በ1989 መጨረሻ ነው። ከዚያም በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ወገራ ማን ይደርሳል? በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ አባቴ ወደ ሆቴሎቹ እየዞሩ የወገራ ሰው ይፈልጉ ነበር። አንዱ ወሬ ነገራቸው፤ ጎረቤታችን ሞተዋል፣ ባለቤታቸው ግን አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ፣ ስለ አባቴ ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። እኔ የአባቴን ዕዳ በቆርቆሮ ሲጠራቀም እያየሁ የራሴን ቆለልኩ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት ከካራቫን ለሚወጡ ወገኖቻችን አብዛኛው ስጦታ የሆነ ልዩ ማሽካንታ ይሰጥ ነበር፤ እሱስ እግዚአብሔር ይስጣቸው ቤት አስገኝቷል። እኔን የጣለኝ ማሽካንታ አይደለም። እኔን የጣለኝ ዋስትና ነው። የወንድሜ ልጅ የጭነት መኪና ሊገዛ ከአንድ ባንክ ሲበደር «አጎቴ፣ ዐረቭ ሁነኝ» አለኝ። እኛ አገር ዋስ መሆን ጽድቅ ነው። ዋስ ማለት ሁለቱን ሰዎች የሚያስታርቅ፣ ባለ ዕዳው ቢጠፋ ፈልጎ የሚያቀርብ፣ የተከበረ ሰው ነው። እምቢ ካልኩ የሰማይ አባቴ ፊት ምን እላለሁ አልኩ። ፈረምኩ። ምን እንደ ፈረምኩ አላነበብኩም፣ ማንበብም አልችልም ነበር፤ ጸሐፊዋም አላስረዳችኝም። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሌላ ሰው ዋስ አትሁን ብሎ ደጋግሞ እንደሚያስጠነቅቅ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለካ መጽሐፉ ከእኔ ጽድቅ ይበልጥ ዐዋቂ ነው።

ልጁ ለስድስት ወር ከፈለ፣ መኪናው ተበላሸ፣ ሰውየውም አፈረና ጠፋ። ከዚያ ከሆጻኣ ለፖዓል ደብዳቤ ይመጣልኝ ጀመር። ደብዳቤውን አላከፈትኩም። «እግዚአብሔር መንገድ አለው» ብዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ልጆች፣ ይህችን ቃል አውቃታለሁ፣ ቅድስት ቃል ናት፤ ግን እኔ ያን ጊዜ የፍርሃቴ መሸፈኛ አደረግኋት። እግዚአብሔር መንገድ አለው፣ እሺ፤ ወለዱ ግን ሰንበትንም አስተሰርዮንም ሳያከብር መሳቢያዬ ውስጥ ያድግ ነበር። ደመወዜ ላይ ዒኩል ሲጣል ነው የነቃሁት። ፋብሪካ ውስጥ ጌታዬ ጠርቶ ሲነግረኝ ከሰው ፊት ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የወጣሁበትም መንገድ ያው ሃይማኖታችን ያስተማረው መንገድ ነው፣ ይህን ካልተናገርኩ ፍርዴ ይጓደላል። በ1990 ፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ጃፌ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያቋቋሙት የነፃ ብድር ማኅበር አለ፤ ያለ ወለድ ያበድራል። ኦሪቱን እንደ ተጻፈው፣ እንደ ወገራው ቄስ ቃል። ከዚያ ተበድሬ የባንኩን ዘጋሁና በየወሩ ጥቂት ጥቂት ከፈልኩ። ታዲያ እነሱም ዐረቭ ይፈልጋሉ! ለእኔ ዐረቭ የሆነው አንድ ሩሲያዊ የሥራ ጓደኛዬ ነው። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው። ፊርማውን ሲያደርግ ሁሉንም ገጽ አንብቦ ነው።

አባቴ በ1996 ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት ቆርቆሮውን ሰጡኝ። «280 ብር። አንዲት ሳንቲም እንዳትጨምር፤ ጭማሪ ወለድ ነው። እኔ ወለድ ሰጥቼም ተቀብዬም አላውቅም።» የእሳቸው ኑዛዜ ይህ ነው። ሌላ ንብረት አልነበራቸውም።

በ1998 መጀመሪያ ልሄድ ስነሣ ነገሩ ግራ ገባኝ። አባቴ በተበደሩ ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በ1992 ብሩ ወርዶ አንድ ዶላር 5 ብር ሆነ፣ እኔ ስሄድ ደግሞ ወደ 7 ደርሷል። ያ 280 ብር በፊት 135 ዶላር ነበር፣ አሁን 40 ነው። በፊት ሰንጋ ይገዛ የነበረው አሁን ሁለት በግ ቢገዛ ነው። 280 ብር ብሰጣቸው ባልቴቷን መስረቄ ነው። ብጨምር የአባቴን ኑዛዜ አፈረስኩ፣ ወለድም ሰጠሁ። አንዳንዱ ሰው «ኦሪት ለባዕድ ወለድ ፈቅዷል፣ ምን አስጨነቀህ» አለኝ። እሳት ዳር አብረው ያረጁ ሰዎች ባዕድ ናቸው? ቄስ ዘንድ ሄድኩ፤ ያ የድሮው አይደሉም፣ እሳቸው ሱዳን ቀርተዋል። አሁን የሄድኩባቸው ቄስ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ብዙ ዝም አሉና «አባትህ የተበደሩት ምንድን ነው?» አሉኝ። «280 ብር» አልኩ። «አይደለም። የበሉት ምንድን ነው?» «በሬ» አልኩ። «እንግዲያው በሬ መልስ። በሬ ወለድ የለውም።»

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወርጄ አንድ ቀይ ሰንጋ በ900 ብር ገዛሁ። እየነዳሁ ወደ ቀዬአችን ወጣሁ። የእኛ ቤት የነበረበት ላይ ባቄላ ተዘርቷል። ባልቴቷ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ፣ አላወቁኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። በሬውን ሲያዩ ዕዳ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና መስፉን እየጎተቱ አወጡት። ወናፉን ምስጥ በልቶታል። መዶሻው አለ፣ ያላለቀው ማረሻም አለ፣ ዝጓል። «የቡዳ ዕቃ ነው ብሎ ማንም አልነካውም። እሱም እንዳይነካ አለ፣ ሰውየው ይመጣል አለ» አሉኝ።

ተቀምጠን ቡና ፈላ። እኔ አሁን ሥርዓቱን ብዙም አልጠብቅምና ጠጣሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የበሬውን ነገር እግዜር ይስጥህ። ግን እናንተ በሄዳችሁ በሳምንቱ ቀበሌዎቹ መጥተው ይህን ብረት እኛ ቤት አገኙት። አስኮብልለሃል ብለው ባሌን ወሰዱት። ሦስት ሳምንት አሠሩት፣ ገረፉትም። ከዚያ ወዲያ ጀርባው ቀጥ ብሎ አላረሰም። ይህንንስ ማን ይከፍለዋል?»

ቁጣ አልነበረባቸውም። እንደ ሰው ሒሳብ ነው የጠየቁኝ፣ ካወቃችሁ ንገሩኝ በሚል አነጋገር። አባቴ ከሐቀኝነታቸው የተነሣ ያስያዙት መያዣ ነው ሰውየውን ያሳሰረው። ሳይሰጧቸው ጥለው ቢሄዱ ኖሮ ማንም አይነካቸውም ነበር። ስኒውን ይዤ ቀረሁ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ አስተሰርዮ ሳይደርስ ለባልቴቷ የተወሰነ ገንዘብ እልክ ነበር፣ ሲሞቱም ለልጃቸው መላኩን አላቋረጥኩም። የልጄ ልጅ ባንክ ውስጥ ወረቀቱን ስታነብልኝ የዚህ ዓመቱን ገና አልላክሁም ነበርና እሷ ስትፈርም እኔ በሌላው መስኮት ላክሁት። ጸሐፊው «ለምን ጉዳይ ነው የሚላከው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ቅጹ ላይ የሚሞላ ነገር አለው። ዕዳ ነው ልበል፣ ስጦታ ነው ልበል፣ ወለድ ነው ልበል አላወቅኩም። ቄሱንም እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። «ለቤተሰብ» በልና ጻፍ አልኩት።